ክረምቱን የሸተተው ጠባቂ ውሻ፦ የእጥበት ሥራ ማስታወሻ

ዓርብ ከሰዓት፣ የሽታው ምንጭ

ቦቢ 28 ኪሎ የሚመዝን፣ የጀርመን ሼፐርድ ደም ያለበት የአዲስ አበባ ግቢ ጠባቂ ነው። ቀን በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ጸጉሩ በወጉ ደርቆ አያውቅም። አሁን መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ እንግዳ የሚቀበለው ከጩኸቱ ቀድሞ ጠረኑ ነው።

ውሃ ከመቅዳት በፊት ውሻውን ቦታ በቦታ ማሽተት ግድ ነው። ጆሮው እርሾ እርሾ ካለና ቡናማ ቅባት ከያዘ እዚያ የተራባው ማላሴዚያ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ገላውን ደጋግሞ ማጠብ አያጠፋውም። ከኋላው የዓሣ ጠረን ከመጣና ቂጡን መሬት ላይ እየጎተተ ከሄደ፣ ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው የሚገኙት ሁለት ዕጢዎች ሞልተዋል ማለት ነው። ያልተማረ እጅ ባይጨምቃቸው ይመረጣል፤ ያቆሰሉ እንደሆነ ነገሩ ከሽታ ያልፋል። የአፍ ክርፋት ከጥርስ ድንጋይና ከታመመ ድድ ይመጣል፣ ውሻው ራሱን ሲልስ ደግሞ በምራቁ ወደ ጸጉሩ ያዳርሰዋል።

የቦቢ ጆሮዎች ንጹሕ ናቸው። የመንጋጋ ጥርሶቹ ላይ ቢጫ ድንጋይ አለ። ከጭኑ ጀርባና ከጆሮው ሥር ጸጉሩ ተቋጥሯል፤ ከአንገት ማሰሪያው ሥር ያለው ሲነኩት ይጣበቃል። ግራ ትከሻው ላይ ደግሞ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ አለ፤ የሞተ ነገር ላይ ተንከባሎ ነው። ከጅራቱ መነሻ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተገኘ። ፍርፋሪው በእርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ሲደረግ ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ፤ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ማለትም የተፈጨ ደም። አፈር ቢሆን ቀለም አይለቅም ነበር።

ውሻ ሲርስ ይበልጥ የሚሸትበት ምክንያት ቀላል ነው። ቆዳውና ጸጉሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች የሚያመነጩት ሽታ፣ ደረቅ ጸጉር ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ውሃ ሲነካው ይላቀቃል፣ ውሃው ሲተን አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ታጥቦ ያልደረቀ ውሻ ከታጠበ በኋላም መሽተቱ አይገርምም።

ከዚሁ ጋር መታየት ያለባቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ጸጉር የተነቀለበት ቆዳ፣ የጆሮ ጠርዝ ላይ ቅርፊት፣ ፋታ የማይሰጥ ማከክ ካለ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰውም ይሻገራል። ቀይ ሆኖ የሚያዥ ቁስል ካለም እንዲሁ። በሁለቱም ጊዜ እጥበቱ ይቆይና መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ ካርዱ ላይ ማረጋገጥ ደግሞ አይዘለልም። በሥራው መሃል ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም።

ዓርብ ማታ፣ ዕቃ ማሰናዳት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስቱን ማታ መሙላት ያስፈልጋል። ይህን የሚያህል ውሻ በጆግ ሲታጠብ ወደ 60 ሊትር ይፈጃል፣ ከግማሽ በላዩ ለማለቅለቅ የሚሄድ ነው። ውሃው የማይበቃ ከመሰለ ሥራውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሻላል። ሳሙናው ያልወጣለት ውሻ ካልታጠበ ውሻ የባሰ ያሳክከዋል፣ ፎሮፎርም ያወጣል።

የተቀረው፦ ሁለት ባልዲ፣ ጆግ፣ ሚዶ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጫፉ ዱልዱም መቀስ፣ ወረንጦ፣ ጥጥ፣ ጓንት፣ አራት አሮጌ ፎጣ፣ እግሩ ሥር የሚነጠፍ ጆንያ። ጆንያው እንደ ትርፍ ዕቃ እንዳይታይ። ሴራሚክ ላይ እግሩ የከዳው ውሻ የሚታገለው ውሃ ጠልቶ ሳይሆን መውደቅ ፈርቶ ነው።

አሁን ወደ ሳሙናው። የሰው ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት፤ 7 መካከለኛ ነው) 5.5 አካባቢ ሲሆን የውሻው ወደ 7 ይጠጋል። የልብስ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል፤ ኦሞና ላርጎም ቅባት ለመንጠቅ የተሠሩ ናቸው። ቆዳውን የሚጠብቀው ቅባት ሲወሰድ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል፤ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። የሰው ሻምፖ ቸግሮ አንድ ጊዜ ቢነካው ጉዳት የለውም፣ ልማድ ግን አይሁን። ትክክለኛው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው የውሻ ሻምፖ ነው። እሱንም ከጠርሙሱ በቀጥታ ጀርባው ላይ ማፍሰስ ብክነት ነው። ወፍራም ሻምፖ የወደቀበት ቦታ ተቀምጦ ይቀራል፣ ወደ ውስጠኛው ጸጉር አይዘልቅም፣ ሲለቀለቅም አይወጣም። በአንድ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ሻምፖና 900 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ክዳኑን መብሳት በቂ ነው። መድኃኒትነት ያላቸው፣ ለምሳሌ ክሎርሄክሲዲንና ሚኮናዞል የያዙት፣ ጠርሙሳቸው ላይ እንደተጻፈው ነው የሚሠራባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ደቂቃ ጸጉሩ ላይ እንዲቆዩ ይፈለጋል።

እንዶድ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አረፋው ለልብስ ግሩም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ መግደያ እንዳገኙበት ይታወቃል። ችግሩ ያው ኃይሉ ነው። ውሻ ራሱን ይልሳል፣ እንዶድ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል፣ ተውጦም ይመርዛል። ለልብሱ ይቆይ።

ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ሱቅ ላይ ይምታታሉ። ፓውደሩ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል፣ ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ንጹሕ ሶዳው ነው። ነጭ አቼቶና 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ዝርዝሩን ይሞላሉ። ፋርማሲው ያለው 6 በመቶ ከሆነ በእኩል ውሃ ይቀጠናል።

ውሻው ገላ ላይ የማይደርሱትም ይጻፉ፦ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ለከብት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት። የተቃጠለ ዘይት ለእከክ ይበጃል የሚባለው ነገር ብዙ ውሻ ጎድቷል፤ በቆዳ ይገባል፣ ሲልሰውም ይመረዛል።

ቅዳሜ 2 ሰዓት፣ ማደሪያው ይቅደም

ብዙ ሰው ከውሻው ይጀምራል፣ ማደሪያውን ለነገ ይለዋል። ውሻው ታጥቦ ያችኑ ጆንያ ላይ ይተኛል፣ ሽታውም በማግስቱ ይመለሳል፤ ጥፋቱም በሻምፖው ይሳበባል። ማደሪያው በጠዋት ካልታጠበ ፀሐይ አይበቃውም፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ጭዱና የተነጠፈው አሮጌ ማዳበሪያ በፌስታል ታስሮ ይጣላል። ብርድ ልብሱ የፈላ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ቁንጫም እንቁላሉም ከ60 ዲግሪ በላይ አይተርፉም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እሱም ይበቃል።

የሲሚንቶው ወለል መጀመሪያ በሳሙናና በመጥረጊያ ይፈተጋል፣ ይለቀለቃል። በረኪና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ 1 ኩባያ ለ30 ኩባያ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለቅለቅ። ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ሽንት ያለበት ወለል ላይ ከሆነ ደግሞ ከአሞኒያው ጋር ተገናኝቶ የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል። ከአቼቶ ጋርማ በፍጹም አይገናኝ፤ የሚወጣው መርዘኛው የክሎሪን ጋዝ ነው። ሁለቱን ጠርሙስ የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቀበርቾ ማጨስ የሚወዱ አሉ፤ ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍናል እንጂ አያነሳውም።

የቦቢ ማሰሪያ ቆዳ ስለሆነ አይዘፈዘፍም፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሶዳ ውስጡ ታሽቶ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። ናይለን ቢሆን ግማሽ ሰዓት በሙቅ የሳሙና ውሃ ይበቃው ነበር።

ቅዳሜ 3 ሰዓት ተኩል፣ ማበጠር

ጸጉር የሚበጠረው ደረቅ ሳለ ነው። ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ወደ ቆዳው ተስቦ እንደ ቡርኖስ ይደድራል፤ ከሥሩም ሳሙናና እርጥበት ይዞ ይቀራል። ሽታ የሚራባው እዚያ ነው። ቋጠሮው ላይ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስንሶ በጣት መፈልቀቅ፣ ከዚያ ከጫፉ ወደ ሥሩ በሚዶ ማላቀቅ ነው። ከጭኑ ጀርባ ያሉት ሁለቱ እምቢ አሉ። እንዲህ ሲሆን ሚዶው በቋጠሮውና በቆዳው መሃል ይገባል፣ መቀሱ ከሚዶው በላይ ይቆርጣል። ሚዶ ያልገባበት ቦታ መቀስ አይገባም፤ የውሻ ቆዳ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ ሳይታወቅ ይቆረጣል።

የሞተው የውስጥ ጸጉር አንድ ፌስታል ሞላ። ይህ ሁሉ ባይወጣ ኖሮ ውሃና ሻምፖ ይጠጣ፣ መድረቂያውንም ያራዝም ነበር። ጆሮው ጀርባና በጣቶቹ መሃል መዥገር ተገኘ። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ፣ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ጋዝ መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል መዥገሩን ያስተፋዋል፣ የሚተፋውም ቁስሉ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ 4 ሰዓት፣ ትከሻው ለብቻ

የበሰበሰ ሥጋ ሽታ በተራ ሻምፖ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እዚህ የሚሠራው አሜሪካዊው ኬሚስት ፖል ክሬባም እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳወቁት ቅመም ነው፤ የታሰበው ስከንክ የሚባለው እንስሳ ለሚረጨው ግማት ነበር። ፐርኦክሳይዱ በሶዳው እየታገዘ ሰልፈር ያለባቸውን ሽታ ሰጪ ውህዶች ወደማይሸት ነገር ይለውጣቸዋል። ልኩ፦ 1 ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ላርጎ። ላርጎ የሚፈቀድበት ቦታ ይህ ብቻ ነው፣ እሱም ከነቅመሙ ስለሚለቀለቅ። ለትከሻ ብቻ የዚህ ሩብ ይበቃል።

ተበጥብጦ ወዲያው፣ በደረቅ ጸጉር ላይ፣ በጓንት ይታሻል፤ 5 ደቂቃ ይቆያል። የተረፈው ይደፋል። ጠርሙስ ውስጥ ከተዘጋበት የሚለቀው ኦክስጅን ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ዓይን አጠገብና ቁስል ላይ አይደረግም፣ እንዲልሰውም አይተውም፤ ያስመልሰዋል። ጥቁር ጸጉር ሲቆይበት ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ሊያነጣው ይችላል፣ ስለዚህ 5 ደቂቃው ሰዓት ታይቶ ነው።

ቅዳሜ 4 ሰዓት ተኩል፣ እጥበት

የውሃው ሙቀት በክርን ሲሞከር ለብ ያለ፣ 36 ወይም 37 ዲግሪ ይሁን። የጀሪካኑ ውሃ 17 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን 5 ሊትር የፈላ ለ15 ሊትር ቀዝቃዛ እዚያው ያደርሰዋል። ቀዝቃዛው መጀመሪያ፣ የፈላው በላዩ፣ ውሻው ደግሞ ከምድጃውም ከድስቱም ርቆ።

አንድ ሰው ከፊት ይይዛል፣ አንዱ ያጥባል። ጆሮዎቹ ደጃፍ ላይ ደረቅ ጥጥ ይደረጋል፣ ወደ ውስጥ አይገፋም፤ ቆጥሮ ማግባት፣ ቆጥሮ ማውጣት። የአፍ ማሰሪያ ካስፈለገ ማለክለክ የሚያስችለው ሰፊው ዓይነት ነው፤ ውሻ የሚቀዘቅዘው በአፉ ነውና በጨርቅ ጥፍር አድርጎ አስሮ ማቆየት ያፍነዋል።

ቁንጫ ላለበት ውሻ የመጀመሪያው አረፋ በአንገቱ ዙሪያ ነው። ከጀርባ ከተጀመረ ቁንጫው ሸሽቶ ጆሮና ዓይን ውስጥ ይገባል። ከአንገቱ በኋላ ውሃው ከኋላ ወደ ፊት ይፈሳል። ድርብ ጸጉር ላይ ውሃ ዝም ብሎ ይንሸራተታል፤ ቆዳው መራሱን ለማወቅ ጸጉሩን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ጆጉ ወደ ቆዳው ተጠግቶ፣ በሌላው እጅ ጣት ጸጉሩ እየተፈለቀቀ ነው የሚፈሰው።

የመጀመሪያው ዙር ጭቃውንና ቅባቱን ያነሳል፣ አረፋውም አይቆምም፣ ግራጫ ሆኖ ይወርዳል። ይለቀለቅና ሁለተኛው ይደገማል፤ የሚያጸዳው ይኸኛው ነው። በጣት ሥጋ እንጂ በጥፍር አይደለም። የሚረሱ ቦታዎች ብብት፣ ብሽሽት፣ ጅራት ሥር፣ በእግር ጣቶች መሃልና ማሰሪያው የነበረበት አንገት ናቸው። ፊቱ መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል፣ ሻምፖ አይነካውም።

ማለቅለቅ የሥራው ግማሽ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ መውረዱ አያታልል፤ ከሆዱ ሥር ጸጉሩን በጡጫ ጨምቆ ማየት ነው። አረፋ ወይም ሙልጭልጭ ካለው ገና ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚደርስበት ሰፈር፣ በተለይ በደረቅ ሳሙና ከታጠበ፣ ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ጸጉሩ ላይ ግራጫ ቅባት ይጥላል፤ ጸጉሩ ይደነድናል፣ አቧራም ይይዛል። በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር አቼቶ አድርጎ ከአንገት በታች ማፍሰስ ይህን ይፈታዋል። ሲደርቅ የአቼቶው ሽታ ይጠፋል። በተቧጨረ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ የቦቢ የተቆረጠ ቋጠሮ ቦታ ቀላ ስላለ እዚያ ተዘሏል። በመጨረሻ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ይከተላል።

ቅዳሜ 6 ሰዓት፣ ማድረቅ

ጥጡ ወጣ። ውሻው ራሱን እንዲያራግፍ መተው ነው፤ ከማንኛውም ፎጣ በላይ ውሃ የሚያስወግደው እሱ ነው። ከዚያ ፎጣው ተጭኖ ውሃውን ይመጥጣል፣ አይፈትግም፤ መፈተግ አዲስ ቋጠሮ ይሠራል። ሁለት ፎጣ ሲርስ ሦስተኛው ይቀጥላል።

ለማሰር የታሰበው ቦታ አፈር ሳይሆን ሲሚንቶ ይሁን። የተለቀቀ እርጥብ ውሻ መጀመሪያ የሚያደርገው አፈር ላይ መንከባለል ነው። ፀሐይም ጥላም በሚያገኝበት፣ የሚጠጣ ውሃ አጠገብ ይታሰራል። የጸጉር ማድረቂያ ካለ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ፣ ጸጉሩ በብሩሽ እየተገለጠ። 9 ሰዓት ላይ ላዩ ደርቆ ነበር፣ ብብቱና የጭኑ ውስጥ ግን ጣት ሲገባ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ማለት ያልደረቀ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረቀ በዚህ ወቅት ብርድ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋትም ሻጋታ ሻጋታ ይላል። አራተኛው ፎጣ ለዚህ ነበር።

እሁድ ጠዋት፣ ማጣራት

ሽታ የሚፈተሸው በማግስቱ ነው፣ ያኔ የሻምፖው ሽቶ ይለቃል። ጣት ጸጉሩ ውስጥ ገብቶ ቆዳውን አሽቶ ይሸተታል፦ ደረቱ፣ የጅራቱ መነሻ፣ አንገቱ። ደረቱና ትከሻው ንጹሕ ሆነዋል። አንገቱ ላይ ትንሽ ቀርቷል። ለዚያ ሌላ እጥበት አያስፈልግም፤ አንድ ኩባያ የበቆሎ ስታርችና ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ ተቀላቅሎ በጥቂቱ ይነሰነሳል፣ ወደ ቆዳው ይታሻል፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ እስኪራገፍ ይበጠራል። ስታርቹ ቅባት ይመጥጣል፣ ሶዳው ኮምጣጣ ሽታዎችን ያበርዳል። ብዙ ሶዳ ከላሰ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ በደንብ ማራገፍ ነው። የሕፃን ታልክ ፓውደር አይተካውም፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ሽቶ፣ የሻይ ዛፍ ዘይትና የመሳሰሉት የተጨመቁ ዘይቶችም አይነኩትም፤ የሻይ ዛፍ ዘይት ውሻን ይመርዛል።

ሰኞ ከሰዓት፣ ቁንጫው

ሻምፖ የገደለው የነበሩትን ነው፤ ከተለቀለቀ በኋላ የሚቀር ኃይል የለውም። በማደሪያው ስንጥቅ ውስጥ ኩብኩባ (እጩ ወደ ቁንጫ የሚለወጥበት ሽፋን) ሠርተው የተቀመጡት ገና ይወጣሉ። ትከሻ መሃል የሚንጠባጠበው መድኃኒት ከእጥበቱ 48 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይደረጋል፣ ቆዳው ላይ በቅባቱ ስለሚሰራጭ። ከዚያም ለሁለት ቀን ውሃ አይነካውም። መጠኑ በክብደቱ ነው፤ ለ28 ኪሎ ውሻ የሚሆነው ፓኬት ላይ ተጽፏል። ግቢው ውስጥ ድመት ካለች ፐርሜትሪን የሚባለው ፀረ ተባይ ያለበት አይመረጥም፣ ድመትን ይገድላል።

ወለሉ በየቀኑ ይጠረጋል፣ ጥራጊው ከግቢ ይወጣል። ብርድ ልብሱ በየሳምንቱ ይፈላል። ያለ ምክንያት ከወር በታች ሙሉ እጥበት አይደገምም፤ በመሃል ብሩሽና የስታርቹ ዱቄት ይበቃሉ። የቀረው የአፉ ክርፋት ነው፣ እሱ በሳሙና የሚነካ አይደለም፤ የጥርስ ድንጋዩን በማደንዘዣ የሚያነሳ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይያዝለታል። እስከዚያ ደረቱን ሲልስ የሚመጣው ሽታ ከዚያ እንጂ ከጸጉሩ እንዳልሆነ ሰንሰለቱን ለሚፈታው ሰው ተነግሮታል።